አረንጓዴዋ ዳትሰን የማን ናት?

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፣

የምጽፍልዎ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ነርስ ነኝ፣ የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ወንድሜና እኔ የቤት ዕቃውን ያለ ጭቅጭቅ ተከፋፍለን ጨረስን፤ የቀረችን ጋራዥ ውስጥ በሸራ ተሸፍና የቆመችው መኪናው ናት። እ.ኤ.አ. የ1972 ዳትሰን 240ዜድ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና።

አባዬ ከሀገር የወጣው በሞያሌ ነው። ናይሮቢ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። አሜሪካ ገብቶ ዋሽንግተን መሀል ከተማ ፓርኪንግ ውስጥ እየሠራ፣ አጠራቅሞ በ1986 ገዛት። «የሳፋሪዋ መኪና» ነበር የሚላት። ሲገዛት ብርቱካናማ ነበረች፤ እሱና ጓደኛው ጥቁር አረንጓዴ ቀቧት። ደርግ በወደቀ ሰሞን ደግሞ ሞተሯን አውርደው ትልቅ ሞተር ገጠሙላት። ልጅ ሆኜ እሁድ እሁድ ከቤተክርስቲያን መልስ አጠገቡ ያስቀምጠኝና በወንዙ ዳር ዳር እስከ ማውንት ቨርነን እንሄድ ነበር። ኮፈኑን ሲከፍቱት ከውስጥ በኩል ዘይት የቀየረበት ቀን ሁሉ በማርከር ተጽፏል፣ በእኛ አቆጣጠር። የመጨረሻው «ግንቦት 11፣ 2005፣ ዘይት ከነፊልትሮው» ይላል። ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም።

አሁን ሦስት ሆነን ተፋጠናል። ወንድሜ ዳላስ ነው ያለው። «ፋብሪካው እንዳወጣት እናድርጋትና እንሽጣት» ይላል፤ አንዷ 310 ሺህ ዶላር መሸጧን አሳይቶኛል። ከአባቴ ጋር የሠራት ያ መካኒክ ጓደኛው፣ ጋሼ የምለው፣ «አንድ ብሎን እንዳትነኩ፣ እሱ እንደተዋት ትኑር» ሲል ዓይኑ እንባ ያቀራል። እኔ ደግሞ መንዳት ነው የምፈልገው። ፍሬኗ ያስፈራኛል፣ ባለ አራት ማርሽ ስለሆነች ሀይዌይ ላይ ትጮሃለች፣ በበጋ ውስጧ እሳት ነው። አንድ ጋራዥ ሄጄ ሳማክራቸው ዘመናዊ ሞተር፣ ኤሲ፣ ሰፋፊ ጎማ፣ አዲስ ቀለም እናደርግልሻለን፣ ግን ተቆርጦ የሚወጣ ላሜራ አለ አሉኝ። ደስ አለኝ። ቤት ስደርስ ደግሞ አለቀስኩ። አባቴን የምሰርዘው መሰለኝ። ምን ይሉኛል?

የአባቷ ልጅ

* * *

እህቴ፣ በመጀመሪያ አባትሽን ነፍስ ይማርልሽ። ሁለት ዓመት ለሌላው ሰው ረጅም ነው፤ የአባት ነገር ግን ገና ትናንት ነው።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም የቆምኩት አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ኮፈኑ ላይ። አንድ ሰው አሜሪካ ተቀምጦ፣ የጃፓን መኪና ይዞ፣ ዘይት የቀየረበትን ቀን «ግንቦት 11» ብሎ ሲጽፍ ይታየኛል። ሞተር ይገኛል። ላሜራም ይገኛል፤ ለዚች መኪና እስካሁን አዳዲስ መለዋወጫ የሚያመርቱ አሉ። ያንን የእጅ ጽሑፍ ግን ቀቢው በአምስት ደቂቃ ያጠፋዋል፣ ያውም ሥራውን በደንብ ሲሠራ ነው የሚያጠፋው። ስለዚህ ከምነግርሽ ሁሉ አንዱን ብቻ የምትሰሚኝ ከሆነ ይሄን ስሚኝ፦ ምንም ከመወሰንሽ በፊት ኮፈኑን ክፈቺና በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንሺው። ዛሬ ማታ።

አሁን ወደ ክርክራችሁ ልምጣ። ወንድምሽም ጋሼም የሚሉት «ኦሪጅናሏ ትሁን» ነው፣ ግን ስለ አንድ መኪና እያወሩ አይደለም። ወንድምሽ የሚያስባት በ1972 ከፋብሪካ የወጣችውን ብርቱካናማዋን ነው። ጋሼ የሚያስባት አባትሽ ትቷት የሄደውን አረንጓዴዋን። በሁለቱ መሀል ያለው ልዩነት ሁሉ አባትሽ በእጁ የሠራው ነው። ቀለሙ፣ ሞተሩ፣ እሁድ እሁድ የምትሰሙት ድምፅ ጭምር። ፋብሪካው እንዳወጣት እናድርጋት ማለት እንግዲህ እሱ የሠራውን አንድ በአንድ መፍታት ማለት ነው። ይሄ ስህተት ነው አልልም፤ መኪናዋን ለማያውቁት ሰው ትክክለኛው ሥራ እሱ ሊሆን ይችላል። ለእናንተ ግን ዋጋው ከገንዘብ በላይ ነው።

ስለ ገንዘቡም ለወንድምሽ እውነቱን ንገሪው። 310 ሺህ ዶላር የወጣባት መኪና መኖሯ እውነት ነው፣ ጥር 2020 ላይ ነው የተሸጠችው። ግን የ1971 ምርት ሆና ወደ 21 ሺህ ማይል ብቻ የተነዳች፣ ማንም ያልነካካት መኪና ነበረች። ገዢው ያን ሁሉ የከፈለው ስላልተነካች ነው። የእናንተ ደግሞ ተነክታለች። ሞተር ቤቱ ውስጥ ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለ፤ የሻንሲ ቁጥሯና ፋብሪካው የገጠመላት ሞተር ቁጥር ተመቶበታል። ያንን ሞተሩ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አስተያዪው። ስትወጣ የነበራት ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር፣ ኤል24 የሚባለው ነው። «ትልቅ ሞተር» ያልሽው በእኔ ግምት ከእሷ በኋላ በወጣችው 280ዜድ ላይ የነበረው ባለ 2.8 ሊትሩ ኤል28 ነው፤ የአንድ ቤተሰብ ሞተር ስለሆነ ምንም ሳይቆረጥ ቦታው ላይ ቁጭ ይላል፣ ያኔም አሁንም ብዙ ሰው የሚመርጠው እሱን ነው። ቁጥሮቹ ካልገጠሙ፣ የፈለገውን ያህል ገንዘብ ብታፈሱባት የምትሆነው በደንብ የታደሰች መኪና ነው እንጂ ያልተነካች መኪና አይደለችም። እንዲህ ያለ እድሳት ደግሞ ባትላሜራውና ቀለሙ ብቻ ሸጣችሁ ከምታገኙት ሊበልጥ ይችላል።

ይሄን ስትነግሪው ግን እንደ ክርክር ማሸነፊያ አታድርጊው። ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር አይቼ ልጠይቅሽ ፈራ ተባ ስል ነበር። መኪናዋ የምትይዘው ሁለት ሰው ነው። እሁድ እሁድ አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። ወንድምሽስ? ምናልባት ተራ ትገቡ ይሆናል፣ ምናልባት እሱ ትልቅ ስለነበር አይፈልግም ነበር፣ አላውቅም። ግን እናትሽ ጋ ቤት ቀርቶ በመስኮት የሚያያችሁ ልጅ ከነበረ፣ ይቺ መኪና ለአንቺ የምትነግርሽንና ለእሱ የምትነግረውን አንድ አድርገሽ እንዳታይው። «እንሽጣት» የሚለው ስለ ገንዘብ ብቻ ላይሆን ይችላል። ደውይለትና ከዋጋ በፊት ይሄን ጠይቂው፦ «አንተ ስለ ዜዷ ትዝ የሚልህ ምንድን ነው?» ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው።

ጋሼን በተመለከተ ልቤ ከእሱ ጋር ነው። እነዚያ ብሎኖች ላይ የእሱም እጅ አለ። ጓደኛውን ቀብሯል፤ አብረው የሠሯትን መኪና ደግሞ የማያውቀው ሰው ሲፈታታት ማየት አይፈልግም። ግን «አትንኳት» የሚለው ምክሩ መኪናዋን አያድናትም። የቆመች መኪና በሸራ ሥር ትበላለች። ታንከሯ ውስጥ የቀረው ነዳጅ ዝቃጭ ይሆናል፣ የፍሬን ጎማዎቿ ይደርቃሉ፣ የዚህ ዘመን ዳትሰን ደግሞ ዋና ጠላቷ ዝገት ነው። ባትሪው የሚቀመጥበት ሥር፣ ከእግራችሁ በታች ያለው ላሜራ፣ ከሥሯ በቁመት የሚሄዱት ተሸካሚ ብረቶች፣ ከኋላ ጎማ ፊት ያለው ጥግ፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከእነዚህ ነው። ላይዋ ሲታይ ቆንጆ ሆና ሥሯ ወንፊት የሆነች ዜድ ስንት አለች። ጋሼ ይሄን ከእኔ በላይ ያውቀዋል፣ መካኒክነቱን ብቻ ቀስቅሺበት።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ፣ ለእሱም ንገሪው። አባትሽ «የሳፋሪዋ መኪና» ያላት በከንቱ አይደለም። 240ዜድ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ የሚባለውን የመኪና ውድድር ሁለት ጊዜ አሸንፋለች። በ1971 ኤድጋር ኸርማንና ሃንስ ሹለር፣ በ1973 ደግሞ ኡጋንዳ የተወለደው ሼካር መህታ ከሎፍቲ ድሩስ ጋር። ናይሮቢ የኖረ ሰው ይሄን ሳይሰማ አይቀርም። እነዚያ ያሸነፉት መኪኖች ሱቅ ውስጥ እንደምትሸጠው አልነበሩም፤ ለዚያ መንገድ ተብለው ብዙ ነገር ተጨምሮላቸዋል። የ1971 አሸናፊዋን የዳትሰን ሠሪው ኒሳን ጃፓን ውስጥ፣ ዛማ በሚገኘው የድሮ መኪኖች ማቆያው ያኖራታል፤ የተጎዳ ገላዋን አላቃኑላትም፣ ጉዳቷ እንዳለ ነው። ፋብሪካው ራሱ፣ ከፈለገ እንደ አዲስ ሊያደርጋት የሚችለው እሱ፣ ጭረቷን ትቶላታል። ወንድምሽ «ፋብሪካው እንዳወጣት» ሲል ይሄንንም ይስማ።

እኔም በራሴ ላይ የደረሰ አንድ ነገር አለ። የአባቴ የእጅ ሰዓት ቆሞ ነበርና ለሰዓት ሠሪ ሰጠሁት። ሲመልስልኝ ይሠራል፣ ያብረቀርቃል። ግን ፊቱን በአዲስ ቀይሮታል። የድሮው ፊት ስድስት ቁጥር አካባቢ ትንሽ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት፣ አባቴ ልጅ ሆኜ ሰዓት ማንበብ ያስተማረኝ በዚያ ነው፤ «ረጅሙ እጅ ነጠብጣቧ ላይ ሲደርስ» እያለ። የወጣውን ፊት ስጠይቀው ጥሎታል። ሰውየው ምንም አላጠፋም፣ አድስልኝ አልኩት፣ አደሰው። ምን እንዲቀር እንደምፈልግ አልነገርኩትም። ለዚህ ነው ካንቺ የምፈልገው አዲስ የሚገባውን ከመዘርዘርሽ በፊት የማይነካውን እንድትዘረዝሪ። ወረቀት ያዢና ጋራዥ ግቢ። ኮፈኑ። በእጁ የገጠመው ነገር ካለ እሱ። የመሪው ላይ ያለቀ ቦታ። ሽታው የሚመጣበት መቀመጫ። የመጣልሽን ሁሉ ጻፊው፣ ማንንም አታስፈቅጂ።

ወደ አንቺ ልመለስ። መንዳት እፈልጋለሁ ማለትሽ አባትሽን መሰረዝ አይደለም። ከሦስታችሁ እሱ ያደረገውን ለማድረግ ያሰብሽው አንቺ ነሽ። እሱ ሞተር አንሷት ሲያየው ሞተር ቀየረ፣ ቀለሟ ሳይስማማው ሲቀር ቀለም ቀየረ፤ ከፋብሪካውም ከማንም ፈቃድ አልጠየቀም። ስለዚህ ሞዲፋይ ማድረግ በዚች መኪና ላይ ባዕድ አይደለም፣ ወጓ ነው። የማልስማማበት አንድ ነገር ብቻ አለ፤ መቁረጡ። አባትሽና ጋሼ የገጠሙት ሁሉ በብሎን የሚፈታ ነው። የተቆረጠ ላሜራ ግን አይመለስም፣ ነገ አንቺም ልጅሽም ሐሳባችሁን ብትቀይሩ መንገዱ ተዘግቷል። ያ ጋራዥ ክፉ አልመከረሽም፣ ሥራቸው ነው፣ ደንበኞቻቸው የሚፈልጉት እሱን ይሆናል። አንቺ ግን የጠየቅሽው እኮ ፍሬንና አምስተኛ ማርሽ ነው። ለዚህ አዲስ ሞተር አያስፈልግሽም። የአባትሽ ሞተር ከተነሳ ይበቃሻል፤ መኪናዋ ቶን ብዙም አታልፍም።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። ያለውን ገንዘብ መጀመሪያ ለዝገቱ አውላለሁ። ማንሻ ላይ ሰቅለው ሥሯን በመዶሻ ጫፍ ነካ ነካ እያደረጉ ያሳዩሽ፣ አንቺም ቆመሽ እዪ፤ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ድምፁ ይደፍናል። የሚበየደው ከተበየደ በኋላ ፍሬኑ ይቀጥላል። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ከበሮ ነው ያላት፤ የፍሬኑን ቱቦዎችና የውስጥ ጎማዎች ሁሉ በአዲስ መቀየር ብቻውን ሌላ መኪና ያደርጋታል፣ ካነሰሽ በአራቱም ጎማ የሚነዳ (4x4) የድሮ ቶዮታ ፒክአፕ የፊት ካሊፐር፣ ዲስኩን የሚጨብጠው ክፍል፣ ለዚች መኪና የታወቀ መፍትሔ ነው። ለጩኸቱ ደግሞ የኋለኛው ዘመን 280ዜድ ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ይገጥምላታል፣ ሀይዌይ ላይ ሞተሩ ያርፋል። ቀበቶዎቹ በአዲስ ይቀየሩ፣ በዚህ አትደራደሪ። ኤሲውን ለሁለተኛው ዓመት አቆዪው፤ አንድ በጋ ነድተሽ ካየሽ በኋላ የሚያስፈልግሽን ታውቂያለሽ።

የሚወጣ ዕቃ ሁሉ፣ ያረጀም የተበላሸም ይሁን፣ በካርቶን ሆኖ ይመለስልሽ። አባትሽ የነዳበትን ካምቢዮ ስሙን ጽፈሽበት መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው። ይሄንን ሥራው ሳይጀመር ከጋራዡ ጋር በጽሑፍ ተስማሚ፦ ያለ አንቺ ፈቃድ የሚቆረጥ የለም፣ የሚጣል የለም፣ ኮፈኑ ከውስጥ አይቀባም። ጽሑፉ ላይ ወረቀት ለጥፈው ሸፍነው መሥራት ይችላሉ፣ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

ቀለሙን እኔ አረንጓዴ አድርጌ እተወዋለሁ። ብየዳ ካለ ቅብ አይቀርምና፣ ናሙናውን ፀሐይ ካልነካው ቦታ፣ ከበሩ መዝጊያ ውስጥ ያውጡት፤ ላይኛው ደብዝዟል። እዚያው ምንጣፉ ሥር ብርቱካናማው ብቅ ካለ አትሸፍኑት። ወንድምሽ ሲመጣ አሳዪው። ግን የግድ የራስሽ ቀለም ካማረሽ እኔ አልከለክልሽም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ በምን ቀለም ነው በሕልምሽ የምታያት? እውነተኛው መልስ ሌላ ቀለም ከሆነ ቀቢያት። ከአንቺ የሆነ ነገር እንዲኖራት ብቻ ከሆነ የፈለግሽው፣ ቸርኬ አለ፣ መቀመጫ አለ፣ እነሱ ይፈታሉ ይመለሳሉ።

ልጅሽን በተመለከተ የምትጠብቂውን አልነግርሽም። አንቺ በእሷ ዕድሜ አጠገቡ ተቀምጠሽ ሄደሻል፣ እሷም እንድትቀመጥ እንደምትፈልጊ ይገባኛል። ግን ኤርባግ የለም፣ የኋላ ወንበር የለም፣ የልጅ ወንበር ለማሰር የተሠራ ቦታ የለም። ነርስ ነሽ፣ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣውን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። ቁመቷ ለቀበቶው እስኪደርስ ትጠብቅ። እስከዚያ ጋራዥ ውስጥ መሪውን ይዛ ትጫወት፣ መለኪያውን እየያዘች ዘይት ታይ።

የወረቀት ነገር አሰልቺ ነው፣ ግን ቶሎ ጨርሺው። ሊብሬው አሁንም በአባትሽ ስም ከሆነ፣ አንቺና ወንድምሽ ሳትስማሙ አንድ ዶላር አታውጪባት። ድርሻውን ትገዢዋለሽ ወይስ አብራችሁ ትይዟታላችሁ፣ ይጻፍ። ቨርጂኒያ ከ25 ዓመት በላይ ለሆነች መኪና አንቲክ የሚባል የድሮ መኪና ታርጋ ትሰጣለች፤ በዚያ ታርጋ ለመዝናናት ከቤትሽ እስከ 250 ማይል መንዳት ይቻላል፣ በየቀኑ ሥራ መሄጃ ግን አትሆንም። ማውንት ቨርነን ደርሶ ለመመለስ ይበቃሻል። ኢንሹራንሱንም ለድሮ መኪና የሚሆነውን፣ ዋጋዋን አስቀድማችሁ የምትስማሙበትን ዓይነት ጠይቂ፤ ተራው ኢንሹራንስ እንደ ማንኛውም አሮጌ መኪና ነው የሚገምታት።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ የሚከነክነኝ። ያኔ የወረደው ሞተር የት ሄደ? አባትሽና ጋሼ ዕቃ የሚጥሉ ሰዎች አይመስሉኝም። ቅዳሜ ቡና አፍይና ጋሼን ጥሪው። ስለ ማደስ አታንሺበት። ኮፈኑን ክፈቺና መጀመሪያ ቀኖቹን ያንብባቸው፣ ጊዜ ስጪው፤ ከዚያ «ጋሼ፣ የድሮውን ሞተር ምን አደረጋችሁት?» በይው። ምናልባት ከሰው ቤት ጓዳ፣ ከሆነ ሸራ ሥር ይገኛል። ከተገኘ ወንድምሽም የሚፈልገው መንገድ አልተዘጋም፣ ቆይታችሁ ትመካከሩበታላችሁ፣ የሚያስቸኩል ነገር የለም። ባይገኝም ታሪኩን ይነግርሻል፣ እንዴት እንዳወረዱት፣ ማን ክሪኩን እንደያዘ፣ አባትሽ ምን እንዳለ። ስልክሽን አብሪና ድምፁን ቅጂው። የጋራዡን ሥራ እንዲመራልሽ የምትጠይቂውም ያኔ ነው፤ እሺ ካለሽ ከእሱ የተሻለ ሰው አታገኚም።

ሞተሩ ከተገኘ ጻፊልኝ። ቁጥሩን ከሰሌዳው ጋር አስተያይተሽ።